ሞተርሆም ይዛችሁ ስትወጡ ማገዶውን እቤት ተዉት

ጓሮ ውስጥ ተፈልጦ የተከመረ እንጨት አለ። ሞተርሆሙ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ሆድ ውስጥም ባዶ ቦታ አለ። ታዲያ ካምፕ ግራውንድ (ድንኳን ተክሎ ወይም መኪና አቁሞ የሚታደርበት ቦታ) ደርሼ ለአንድ እቅፍ እንጨት ዶላር የምከፍለው ለምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ በሰመር ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። ለእኛ ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚያውቀው ማገዶ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው። ከእንጦጦ በእናቶች ጀርባ ይወርዳል፣ ከገጠር በአህያ ይገባል። እንጨት ጭኖ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው መሻገር ሊያስቀጣ ይችላል ሲሉት ግር ቢለው አይፈረድበትም።

መልሱ አጭር ነው። እንጨት የምትገዙት ወይም የምትለቅሙት እሳቱን በምታነዱበት አካባቢ ነው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ደግሞ ሕጉን "ሱቃቸው እንዲሸጥላቸው ነው" ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነገር

እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ፣ ዲትሮይት አካባቢ፣ አሽ የሚባሉት ዛፎች ለምን እንደሚደርቁ ሲጣራ አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘች። ስሟ ኤመራልድ አሽ ቦረር ይባላል። ርዝመቷ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል አይሞላም፣ ጀርባዋ ያብለጨልጫል። አገሯ ምሥራቅ እስያ ነው። ዕቃ በታሸገበት የእንጨት ሳጥን ወይም ፓሌት ውስጥ ተደብቃ እንደገባች ይታመናል። የገባችውም ከመገኘቷ ብዙ ዓመት ቀደም ብላ ነው።

ያደገችው ጥንዚዛ በራሷ ዛፉን አትገድለውም። ቅጠሉን ትቆነጣጥራለች፣ ያን ዛፉ ይችለዋል። ገዳዩ እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ ቅርፊቱን በስቶ ይገባና ከሥሩ ያለውን ስስ፣ ሕይወት ያለበት ንብርብር እየበላ ይሄዳል። ዛፉ ቅጠሉ ላይ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በዚያ ንብርብር ነው። መንገዱ ዙሪያውን ሲቆራረጥ ዛፉ ይራባል። ከጫፉ ጀምሮ ይደርቅና በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል።

የሞተ አሽ ላይ ቅርፊቱን ላጥ ብታደርጉት ሥራውን ታዩታላችሁ። ነጩ እንጨት ላይ ወዲያ ወዲህ የሚጥመዘመዝ ጠባብ ቦይ ተቆፍሯል፤ ውስጡ በደቃቅ የእንጨት ዱቄት ተጠቅጥቋል። ጥንዚዛዋ የወጣችበት ቀዳዳም አለ። ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንዱ ጎኑ ቀጥ ብሎ ሌላው ስለሚጎብጥ የእንግሊዝኛውን ዲ ፊደል ይመስላል። ይህን ቀዳዳ የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ አያየውም።

ማገዶው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ሲደርቅ ሰው ይቆርጠዋል፣ ይፈልጠዋል፣ ይከምረዋል። ዛፉ ስለተቆረጠ ግን እጩ አይሞትም። እዚያው ቅርፊቱ ሥር ሆኖ ዕድገቱን ይጨርሳል። መኸር ላይ የተፈለጠ እንጨት በሚቀጥለው ግንቦትና ሰኔ ጥንዚዛ ሊያወጣ ይችላል። ጥንዚዛዋ መብረር ብትችልም አብዛኛውን ጊዜ ከወጣችበት ዛፍ ብዙ አትርቅም። በሞተርሆም ተጭና ግን በአንድ ቀን ሦስት ስቴት ታቋርጣለች፤ የምታርፈውም ጫካ መሃል ባለ ካምፕ ግራውንድ ነው። ነቀዝ የገባበትን አንድ ቁና በቆሎ ወስዶ ንጹሕ ጎተራ ውስጥ የሚደፋ ገበሬ የለም። ያልታከመ፣ ማለትም ተባዩ በሙቀት ያልተገደለበት፣ እንጨት ጭኖ ወደ ሌላ ጫካ መሄድ ይህንኑ ማድረግ ነው።

ሰው እንደሚያጓጉዛት ከምናውቅባቸው ነገሮች አንዱ የምትገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ላይ ተገኘች። በጊዜው ከምትታወቅበት ቅርብ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ይርቃል፣ መሃሉ ደግሞ ባብዛኛው ሜዳ ነው። ያን ሁሉ በክንፏ አልበረረችውም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖረውም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሚሺጋን የተላኩ የአሽ ችግኞች ሜሪላንድ ውስጥ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ደረሱ፣ ጥንዚዛዋም አብራ መጣች። ከዚያው ጭነት ጥቂቱ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ተተክሎ ተገኘ። ዛሬ ከ35 በላይ ስቴቶች ውስጥ አለች። የገደለችው ዛፍ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

እሷ ብቻም አይደለችም። ኤዥያን ሎንግሆርንድ ቢትል የምትባል ትልቅ ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ ቀንዶቿ ከሰውነቷ ይረዝማሉ። እሷ የሜፕል ጠላት ናት። ማሳቹሴትስ፣ ውስተር ከተማ ላይ በ2008 ስትገኝ ስርጭቷን ለመግታት ከ30 ሺህ በላይ ዛፍ ተቆርጧል። የአንድ ሰፈር ጥላ በሙሉ ሲወርድ አስቡት። ኦክ ዛፍን በፈንገስ የሚያደርቀው ኦክ ዊልት የሚባለው በሽታም በማገዶ ይጓዛል።

"ሕጉ ተነስቷል" ለሚሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት አሽ እንጨት ከተበከለ አካባቢ እንዳይወጣ የሚከለክለውን የራሱን ደንብ በጃንዋሪ 2021 አንስቷል፤ ይህ እውነት ነው። ያነሳው ግን አደጋው ስላለፈ አይደለም። ክልከላው ጥንዚዛዋን ማቆም ስላልቻለ ገንዘቡንና ጉልበቱን ወደ ሌላ መከላከያ አዞረው፤ ለምሳሌ እጩን ፈልገው የሚገድሉ ጥቃቅን ተርቦችን አርብቶ ወደ መልቀቅ። የቀረው ለየስቴቱና ለየፓርኩ ተተወ። ውጤቱም ለመንገደኛው ይበልጥ የተወሳሰበ ሆነ። ድሮ ቢያንስ የፌዴራሉን ክልከላ የሚያሳይ አንድ ካርታ ነበር። ዛሬ የምትነሱበትን፣ የምታልፉበትንና የምታድሩበትን ቦታ ደንብ ለየብቻው ማየት ያስፈልጋል።

ኒውዮርክ በሙቀት ያልታከመ እንጨት ከምንጩ ከ50 ማይል በላይ እንዲጓዝ አይፈቅድም። ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ከ2015 ጀምሮ ከውጭ የሚገባው እንጨት በሙቀት መታከሙ የተረጋገጠ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ ድንበሯ ላይ መኪና አስቁማ የምታይባቸው ጣቢያዎች አሏት። ካናዳ ዘመድ ልትጠይቁ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ያለ ማረጋገጫ ወረቀት ማገዶ ይዛችሁ ድንበሩን አታልፉም።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም፣ መያዝም አያስፈልግም። በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ። እንጨቱ ከተቆረጠበት እስከሚነድበት 10 ማይል ከሆነ ጥሩ ነው። ሃምሳ ማይል የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ይህ መለኪያ የቦታውን ሕግ አይተካም፤ ሕጉ ጥብቅ ከሆነ የሚሠራው ሕጉ ነው።

ደረቅ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም

"የእኔ እንጨት እኮ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ክው ያለ ደረቅ ነው።" ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ድርቀትና ንጽሕና ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ድርቀት ለእሳቱ ነው። ጥሩ ማገዶ ውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሊሆን ይገባል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማትነን ነው። ይጨሳል፣ ይፈነጫል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ደረቁን መለየት ከባድ አይደለም። ጫፉ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ታያላችሁ። ሁለቱን ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቡ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። ቅርፊቱም በቀላሉ ይላቀቃል።

ንጽሕና ግን የሙቀት ጉዳይ ነው። እጩን ለመግደል የእንጨቱ እምብርት፣ ማለትም መሃሉ፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ እዚያው ላይ ለ60 ደቂቃ መቆየት አለበት። አንዳንድ ስቴት ከዚህም የከበደ ሙቀትና የረዘመ ሰዓት ይጠይቃል። ጓሮ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ እንጨት ላዩ ቢግል እንኳ መሃሉ እዚያ ደርሶ አንድ ሰዓት አይቆይም።

ሱቅ ስትገዙ የጥቅሉን ጽሑፍ አንብቡ። "ኪልን ድራይድ" የሚለው በምድጃ ደርቋል ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሞቀና ለስንት ሰዓት አይነግራችሁም። የምትፈልጉት "ሰርቲፋይድ ሂት ትሪትድ" (በሙቀት መታከሙ የተረጋገጠ) የሚለውን ከመንግሥት ማኅተም ጋር ነው። ወረቀቱን እሳቱ ዳር እስክትደርሱ አትቅደዱት፣ አትጣሉት። የፓርኩ ሰው ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው። ከማሸጊያው የወጣ እንጨት የታከመ ይሁን ያልታከመ ማንም በዓይኑ አይለየውም።

ግዢው ላይ

እውነቱን እንናገር፣ በጥቅል የሚሸጥ እንጨት ውድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የማገዶ ትልቁ መለኪያ ኮርድ ነው፤ 4 ጫማ በ4 ጫማ በ8 ጫማ፣ 128 ኩቢክ ጫማ ይሆናል። ነዳጅ ማደያ በር ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የምታዩት ጥቅል ብዙ ጊዜ ሦስት አራተኛ ኩቢክ ጫማ ነው። አንድ ኮርድ 170 ጥቅል ያህል ይወጣዋል ማለት ነው። ጥቅሉን 8 ዶላር ብናስበው ኮርዱ ከ1,300 ዶላር ያልፋል። ለቤት ምድጃ ኮርድ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቢበሳጭ እውነቱን ነው።

ግን እናንተ የምትፈልጉት ኮርድ አይደለም። የአንድ ምሽት እሳት በሁለት ጥቅል ያልፋል። ለዚያ ብሎ መኪና መጫን አያዋጣም። ርካሽ የሚገኘውም ወደ ካምፕ ግራውንዱ ስትቃረቡ ነው። በገጠር መንገድ ዳር "ፋየርዉድ" የሚል ሰሌዳ አቁመው ገንዘቡን በሣጥን የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። እንጨቱ እዚያው የተቆረጠ መሆኑን ጠይቋቸው፤ የምታድሩበት ቦታም ያልታከመ እንጨት እንደሚቀበል አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስቴት ፓርክ ከሆነ አስተናጋጁ ራሱ ይሸጣል። ከመሸ ስለሚዘጋ ግን ስትደርሱ ወዲያው ግዙ።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለዋሺንግተን አካባቢ ሰው ቅርቡ ነው። እዚያ በካምፕ ሱቆቹ እንጨት ይሸጣል፣ መሬት ላይ የወደቀ የሞተ እንጨትም መልቀም ትችላላችሁ። መልቀም ማለት የወደቀውን ማንሳት ነው፤ የቆመ ዛፍ፣ ደርቆም ቢሆን፣ አይነካም። በሌላ ፓርክ ጭራሽ መልቀም ሊከለከል ይችላል፣ በር ላይ ጠይቁ።

ስትለቅሙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ግንዱ ላይ ፀጉር የመሰለ ሥር ያበቀለ፣ ወፍራም ገመድ የሚመስል ሐረግ ካያችሁ አትንኩት። ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል። ደርቆም ቆዳ ያሳክካል። ሲነድ ደግሞ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሆስፒታልም ያደርሳል። የአጥርና የበረንዳ ጣውላ፣ ቀለም የተቀባ እንጨትም እሳት ውስጥ አይገባም። የድሮ የተነከረ ጣውላ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል።

መኪናውን በተመለከተ

ሞተርሆሙ ውስጥ የተለጠፈ፣ ሰውና ዕቃ ስንት ኪሎ ድረስ መጫን እንደሚቻል የሚናገር ወረቀት አለ። ብዙ ሰው አያነበውም። ታንኩ ውስጥ ያለ 50 ጋሎን ውኃ ብቻውን 190 ኪሎ ግድም ነው። ደረቅ ኦክ ሩብ ኮርድ ስትጨምሩበት ወደ 400 ኪሎ ሌላ ሸክም ነው። ጎማና ፍሬን ይህን ሁሉ ይቆጥራሉ።

ጣራ ላይ እጭናለሁ ለሚል ደግሞ፣ ሸናንዶዋ ውስጥ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ትልልቅ ሞተርሆሞች ያለ ምንም ጭነት እንኳ እዚያ ይጠብባቸዋል። ከመግባታችሁ በፊት የመኪናችሁን ቁመት እወቁ።

የገዛችሁትንም እንጨት ቢሆን የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ አንዳንዴም ምስጥ ይዞ ይገባል። ከአውኒንጉ (ከመኪናው ጎን ለጥላ ከሚዘረጋው) ጨርቅና ከፕሮፔን ጋኑም ይራቅ።

ስለ ከሰልና ስለ ቡና

ይህን ክፍል ለእኛ ሰው ብዬ ነው የምጽፈው፣ እባካችሁ አትዝለሉት።

ለተባዩ ጉዳይ ከሰል ችግር የለበትም። ሲመረት ውስጡ ያለው ሁሉ ተቃጥሏል፤ ከየትም ይዛችሁ ብትሄዱ ጥንዚዛ አያጓጉዝም። ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ከሰሉን ይዞ ወጥቶ ተራራ ላይ ቡና ማፍላት ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ወይም ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን ከነምድጃው ሞተርሆሙ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ይመጣል።

አገር ቤት ያደግንበት ልማድ "ጭሱ ይውጣለት፣ ፍም ሲሆን ይገባል" የሚል ነው። ይህ ልማድ ይገድላል። ጭሱ ያለቀው ቀይ ፍም ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጭስ ቢኖር ዓይናችሁ ይነግራችሁ ነበር። ፍሙ ግን ዝም ብሎ ይሠራል። የሞተርሆም ክፍል ጠባብ ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሰው "መንገዱ አድክሞኝ ነው" ብሎ ይተኛል። የተኛው ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ከሰል ውጪ ይቀጣጠላል፣ ውጪ ያልቃል። ዝናብ ከመጣ ቡናው በጋዝ ምድጃው ይፈላል፣ ማራገቢያው በርቶ መስኮት ተከፍቶ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መቆጣጠሪያው ደወል እንደሚሠራ ከመነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። አመዱም ቢሆን የጠፋ መስሎ ከአንድ ቀን በላይ ሊግል ይችላል፤ በካርቶን አድርጋችሁ መኪናው ሆድ ውስጥ አታስቀምጡት።

ከመነሳት በፊት

እሳት መፈቀዱን ከእንጨቱ በፊት አጣሩ። ድርቅ ሲሆን ብዙ ካምፕ ግራውንድ እሳት ይከለክላል፣ ያኔ የገዛችሁት እንጨት ዋጋ የለውም። ስታጠፉ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና አልጠፋም።

የተረፈ እንጨት ካለ፣ እዚያው ለጎረቤት ካምፐር ስጡት። ጎረቤት ከሌለ ለአስተናጋጁ አስረክቡት። "ለሚቀጥለው ጊዜ" ብሎ መልሶ መጫን ያው የጀመርነው ችግር ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተቀየረ።

መኪናውንም ዞር ብላችሁ እዩት። በተለይ ከሴፕቴምበር ወዲህ ከፔንስልቬኒያ የምትመለሱ ከሆነ። እዚያ በርክስ ካውንቲ በ2014 የተገኘችው ስፖትድ ላንተርንፍላይ የምትባል ተባይ እንቁላሏን ዛፍ ላይ ብቻ አትጥልም። ድንጋይ፣ ወንበር፣ የጎማ ክፈፍ፣ የሞተርሆም ግድግዳ፣ ያገኘችው ላይ ትለጥፋለች። ደርቆ የተሰነጣጠቀ ግራጫ ጭቃ ይመስላል፣ ስፋቱ አውራ ጣት የሚያህል። መሰላሉ ሥር፣ ጎማው ጀርባ፣ ከተጣጠፉት ወንበሮች ሥር ፈልጉት። ካገኛችሁ በአሮጌ ባንክ ካርድ ፍቃችሁ አልኮል ወይም ሃንድ ሳኒታይዘር ያለበት ዚፕሎክ (አፉ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት) ውስጥ ክተቱና ዝጉት። መሬት ላይ ፍቆ መጣል አይበቃም፤ እንቁላሉ እዚያም ይፈለፈላል።